ጀልበኛው የሌለበት ፊልም

ባለፈው ሳምንት ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች በንዴት ያወሩ ነበር። የሚወዱት መጽሐፍ ፊልም ሆኖ ወጥቶ አይተውት ነው።

«እሱን ከፊልሙ እንዴት ያወጡታል? መጽሐፉን እኮ የተሸከመው እሱ ነው!» ትላለች አንዷ።

«ሙድ ነው የያዙብን። ያነበበ ሰው የለም ብለው ነው፣ ሲሪየስሊ!» ትላለች ሌላዋ።

መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ንዴታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማሁ። ዞር ብዬ «ልጆቼ፣ እኔ በእናንተ ዕድሜ በዚሁ ጉዳይ ልታሰር ነበር» ብላቸው ደስ ባለኝ። ግን ታክሲው መገናኛ ደረሰና ወረድኩ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ሐሳቡ አልለቀቀኝም።

በደርግ ዘመን ነው። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ባለው ዳገት ላይ ነበር። የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቁት እትዬ ሰላማዊት ይባሉ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ገና አርባ ያልሞላቸው ሴት። መደርደሪያው ላይ የነበሩት መጻሕፍት አብዛኞቹ ስለ ፖለቲካ የሚያወሩና ማንም የማይዋሳቸው ነበሩ። እሳቸው ግን መሳቢያቸው ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነበራቸው። የጭጋግ ንጉሥ የእናቷን ድምፅ የሰረቀባት ኤልና የምትባል ልጅ፣ ድምፁን ለማስመለስ ስትጓዝ የሚደርስባትን የሚተርክ ነው። የኛ እንግሊዝኛ ለዚያ ስለማይበቃ እትዬ ሰላማዊት በየሳምንቱ አንድ አንድ ምዕራፍ በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተር ላይ እየተረጎሙ ይሰጡን ነበር።

ሰባት ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ የተቀቀለ ድንችና በርበሬ በወረቀት ጠቅልለን ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንወጣና ባሕር ዛፉ መሐል እንቀመጣለን። የሚያነብልን ከድር ነው። አባቱ ከስልጤ አገር መጥተው እኛ ሰፈር ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ድምፁ ወፍራም፣ ሲያነብ የሚያስፈራ ልጅ ነበር። በክረምት ጉሙ ከተራራው ሲወርድ የጭጋግ አገር ማለት እዚሁ የኛው ዳገት ይመስለን ነበር። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆም ብለው አንድ ገጽ ሰምተው የሚሄዱበትም ቀን ነበር።

ከሁሉ የምንወደው ጀልበኛውን ነው። ከንጉሡ ወታደሮች የሚሸሹትን ሰዎች ወንዝ የሚያሻግር ሽማግሌ ነው። ኤልና ወንዙ ዳር ደርሳ ማን እንደሆነች ልትነግረው ስትጀምር «ስምሽን አልጠይቅሽም፤ ግቢ ብቻ፣ ብርድ ነው» ይላታል። እኛም ያንን ለምደን፣ ክፍል አርፍዶ የገባውን ሁሉ «ግባ ብቻ፣ ብርድ ነው» እንለው ነበር።

መስከረም ላይ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ከድር እየሮጠ መጥቶ የመጽሐፉ ፊልም ፒያሳ ሲኒማ ቤት መግባቱን ነገረን። የመጨረሻው ምዕራፍ ገና አልተተረጎመልንም፤ ግን ማን ይጠብቃል? እሑድ ከሰዓት ሰባታችንም በአውቶቡስ ወረድን።

መብራቱ ጠፋ። ኤልና መጣች፤ ረጅም ቢጫ ጸጉር አላት። እኛ የምናውቃት ሹሩባ የተሠራች የቀበና ልጅ አድርገን ስለነበር ትንሽ ተንጫጫን። ይሁን ብለን ተቀመጥን። ከዚያ ወንዙ ዳር ደረሰች። ጀልበኛውን ጠበቅን። ልጅቷ ግን ዘወር ስትል ድልድይ ነበር፤ ትልቅ የድንጋይ ድልድይ። ተራምዳ ተሻገረች።

ከድር ተነሥቶ ቆመ። «ጀልበኛው የታለ? ቆርጠውታል!»

ፊት ለፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ቀስ ብሎ ዞረና በጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ አየን። ከድርን በሸሚዙ ስቤ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ፊልሙን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው የሰውዬውን ማጅራት ነው።

ከድር ግን አልበረደለትም። በማግስቱ ደብዳቤ ጽፎ መጣ። ሳንሱር ፊልሙን እንደቆረጠ፣ ምክንያቱም ጀልበኛው የሚሸሹ ሰዎችን ማሻገሩ እንደሆነ የሚገልጽና የተቆረጠው ተመልሶ እንዲታይ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። ከታች የሰባታችን ስም ከነቀበሌያችን ተጽፎ ነበር። ሁላችንም ፈረምን። እኔም ፈርሜያለሁ፤ ፈርቼ ነው፣ ግን ፈሪ መባሉን ይበልጥ ፈራሁ። ለሲኒማ ቤቱ ኃላፊ ከመሰጠቱ በፊት አማርኛው ይታረም ብዬ እኔና ከድር ለእትዬ ሰላማዊት ወሰድንላቸው።

አንብበው ሲጨርሱ ተነሥተው በሩን ቆለፉት።

«ለማን አሳያችሁ?»

«ለማንም» አልኩ።

መሳቢያውን ከፍተው መጽሐፉን አወጡና አንድ ገጽ ገልጠው አቀበሉኝ። «እስቲ አንብቢው።»

ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ። ወንዝ አለ። ኤልና አለች። ድልድይ አለ።

«ጀልበኛውን ማንም አልቆረጠውም» አሉ። «የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ከድር ፊቱ ተለዋወጠ። «ዋሽተውናል ማለት ነው?»

«አዎ» አሉ እትዬ ሰላማዊት። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ያ ሁሉ ወጣት ያለቀ ጊዜ ቀበና በተከራያት ክፍል ውስጥ የሚሸሹ ልጆችን ያሳድር ነበር፤ ስማቸውን ሳይጠይቅ። አንድ ቀን ጠዋት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ለቅሶ መቀመጥ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። «ስተረጉም ወንዙ ጋ ደረስኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ» አሉ። «መቃብር የለውም። እዚያ ባስቀምጠው ማን ይጎዳል ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ ብትሰጡ ግን ‘ጀልበኛውን ከየት አመጣችሁት?’ ይሏችኋል።»

ከድር ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አነሣ። አራት ቦታ ቀደደው፤ ኪሱ ከተተው፤ በሩን ከፍቶ ወጣ። ለሌሎቹ አምስት ልጆች እትዬ ሰላማዊት ፈቅደውልኝ በዚያው ሳምንት እኔ ነገርኳቸው። አንዷ አለቀሰች።

ሁለት ቅዳሜ ሳንገናኝ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ሳጠና ከድር ገባና እትዬ ሰላማዊት ፊት ቆመ። አዲስ ደብተር ይዟል።

«መጨረሻውን አልጻፉልንም» አላቸው።

«ፊልሙን አይታችሁ የለ?»

«የፊልሙን አይደለም የምልዎት። የኛውን።»

ቀና ብለው አዩትና ደብተሩን ተቀበሉ። በሳምንቱ ዳገቱ ላይ ከድር ሲያነብልን ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆርጦበታል፤ እኛም እንዳልሰማን ሆነን ድንቻችንን ላጥን።

ከድር በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ነበር፤ ጨርሶ በሰላም ተመልሷል፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት። እትዬ ሰላማዊት ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፤ እንደ መምህር ስጠየቅ ተርጓሚ ከደራሲው ላይ መጨመር የለበትም እላለሁ፤ አምኜበትም ነው የምለው።

ዕድሜዬ ሲገፋ የሚገርመኝ ግን መጨመራቸው አይደለም፤ መንገራቸው ነው። ዝም ብለው ደብዳቤውን ቢቀዳድዱትና ቢቆጡን ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ጎረቤት ጎረቤቱን በሚፈራበት ጊዜ ሕይወታቸውን ለሰባት ለፍላፊ ልጆች አደራ ሰጡ። ከመካከላችን የቀበሌ ተመራጭ ልጅ ነበረች፤ ከክፍል ጓደኛው ጋር ሲጣላ ያልሆነ ነገር የሚያወራበትም ነበረ። ደርግ ወድቆ እሳቸው ራሳቸው በአደባባይ የወንድማቸውን ስም እስኪጠሩ ድረስ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም።