ምስክሩን ልሰልል ሄጄ

ነገሩ የተነሣው ከአራት መቶ ብር፣ ከአንድ ቀን የአናጢ ደመወዝ ነው። ፋሲሎ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ያለኝ አንድ አናጢ ይበልጣል የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ መጣ። በራችን ላይ ሁለት ባጃጆች ሲጋጩ አይቷልና ምስክር ተቆጥሯል።

«ጋሼ፣ ለምስክርነት የሄዱበት ቀን ደመወዝ አይቆረጥም፤ ሕግ ነው» አለኝ።

ከሕግ ጋር አልከራከርም። ግን በዚያው አሳብቦ፣ ከከተማው ዳር ሰባታሚት ላይ የጀመረውን ቤቱን ሊመርግ ቢሄድስ? ሥራ ቤቱን ዘግቼ ተከተልሁትና ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ።

ይበልጣል ምሎ መሰከረ። ዳኛዋ «ሌላ ያየ ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«ጋሼ አጠገቤ ቆመው አይተዋል። ሥራ እንዳይፈቱ ብለው ነው ለፖሊስ አላየሁም ያሉት። ያው፣ ከኋላ ተቀምጠዋል።»

ችሎቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዳኛዋም እኔም እንድመሰክር ለሳምንት ቀጠሩኝ።

ስንወጣ ይበልጣል ጠጋ ብሎ «የእርስዎንስ ቀን ማን ይከፍልዎታል?» አለኝ።

ለእሱ አራት መቶ ብር ከፈልሁ። ሥራ ቤቱ አንድ ቀን ተዘጋ፤ በሳምንቱም እኔ ቆሜ ስመሰክር ዋልሁ፤ ለእኔ የከፈለኝ የለም። ያተረፍሁት፣ የማይዋሽ ሠራተኛ እንዳለኝ ማወቄን ብቻ ነው።