«አቁሙት» ያለችው ሴት

እስቲ ይህን እግር ተመልከቱ። የሰው እግር አይደለም፤ የሰውየው ቆይቶ ይመጣል። ይህ የሳሙና ፋብሪካ የዘይት ታንከር ከተሸከሙት የብረት እግሮች አንዱ ነው። ጎንበስ በሉና ከሥሩ እዩት። ከላይ ያለፈ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲልበት ኖሮ ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ተላጥቷል፤ ብረቱ ቡኒ ዱቄት ሆኗል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። በላዩ ላይ ቤት የሚያክል ታንከር ዘይት ጠጥቶ ቆሟል። ከሥሩ ደግሞ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ሴቶች ተቀምጠው ሳሙና በወረቀት ይጠቀልላሉ። ጥላው ደስ ይላል ይላሉ።

ታንከሩ መንትያ አለው። ጎን ለጎን ነው የቆሙት፤ ቧንቧውም አንድ፣ ዝገቱም አንድ። በዚያ ጓሮ የማያልፍ ሰው የለም። ባለቤቱ መኪናውን የሚገትረው እዚያው ፊት ለፊት ነው። ጎንበስ ብላ ያየችው ግን የጥገና ኃላፊዋ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ያየችውን በሆዷ ይዛ የምታድር ሰው አይደለችም።

«እትዬ አቁሙ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት በያጁ ነው፤ እሱም ራሱ «ብልጭታ» የሚባል፣ ምላሱ ከመበየጃው የማይተናነስ ሰው ነው። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። ቀበቶ ሲንጫጫ «አቁሙ» ትላለች። ሞተር ሲሸታት «አቁሙ» ትላለች። የአንዷ ሠራተኛ የሻርፕ ጫፍ ወደ ማሽኑ ሲጠጋ ካየች ከግቢው ማዶ ሆና «አቁሙ» ትላለች፤ ድምጿ የፈረቃውን ደወል ያስንቃል። አንድ ቀን ብልጭታ ምሳውን ሲበላ በአጠገቡ ብታልፍ ማንኪያውን አፉ ጋ አድርሶ ቀጥ አለ።

«ልቀጥል እትዬ፣ ወይስ ላቁም?»

«ያንተ ሆድ ፍሬን የለውም» አለችው። «እሱን የማቆምበት መለዋወጫ አልመጣልኝም።»

እዚያ ፋብሪካ የገባችው ሳሙና ልትጠቀልል ነው፤ ያው ጠረጴዛ ላይ፣ ያው ጥላ ሥር። የመቁረጫው ማሽን በተበላሸ ቁጥር ጓደኞቿ እግራቸውን ዘርግተው ሲያርፉ፣ እሷ ሄዳ ከሽማግሌው መካኒክ ትከሻ በላይ ታጮልቃለች። ሰውየው ሲያዩት የማይወድ አኩራፊ ነበር። «ሂጂ ከዚህ፣ ብርሃኔን ጋረድሽው» ይላታል። ትዞርና በሌላው ጎን ትመጣለች። ሲሰለቸው ካቻቪቴውን አቀበላት። «እንግዲያው ካልሄድሽ ሥሪ» አላት። ሠራች። እሱ ጡረታ ሲወጣ ቦታውን ያዘች። ካቻቪቴውን ዛሬም ሌላ ሴት ማበጠሪያ በምትሰካበት ቦታ ፀጉሯ ውስጥ ሸጉጣው ነው የምትዞረው።

አሠራሯ አንድ ነው። በሥሯ ከሚሠሩት ልጆች አንዱ እጁን ማሽን ውስጥ ከመክተቱ በፊት ዋናውን ማብሪያ ታጠፋለች፤ በራሷ መቆለፊያ ትቆልፈዋለች፤ ቁልፉን ጡት መያዣዋ ውስጥ ትከታለች። «ከዚህ የሚያወጣው ጀግና ካለ ይምጣ» ትላለች። እስካሁን አልመጣም። እሷ ኃላፊ ከሆነች ወዲህ በዚያ ቤት የማንም ጣት አልተቆረጠም። ያመሰገናት ሰው ግን የለም፤ ያልተቆረጠ ጣት ማን ያየዋል?

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እንዴት ተዋወቃችሁ ሲባል ወሬውን አያስረዝምም። «መንገድ ዳር ሆና 'አቁም' አለችኝ። ተሳፋሪ መስላኝ አቆምኩ። 'የኋላ ጎማህ ብሎኑ ላልቷል' አለችኝ። ወርጄ ባየው እውነቷን ነው። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደቆምኩ አለሁ።»

የፋብሪካው ባለቤትም የራሱ ቃል አለው፦ «እየሠራ ነው እኮ።»

ቀበቶው ተልጧል ትለዋለች። እየሠራ ነው እኮ። ፓምፑ ያንኮራፋል። እየሠራ ነው እኮ። ይህችን ቃል የማያውቃት ማን አለ? በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጋራዡ፣ በየሕንፃው አሳንሰር በር ላይ ትሰማለች። «እየሠራ ነው» ማለት «ገና ሰው አልገደለም» ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የላትም። ቀኑ ሲደርስና ነገሩ ሲናድ ደግሞ ያው ሰውዬ ደረቱን ይዞ «አደጋ ነው» ይላል። አደጋ ሳይታሰብ የሚመጣ ነገር ነው። ሲነገርህ ከርመህ፣ ስትስቅበት ከርመህ የመጣ ነገር አደጋ አይባልም። ቀጠሮ ነው የሚባለው።

«ጋሼ» አለችው አንድ ቀን መኪናው በር ላይ ጠብቃ፣ «የሁለቱም ታንከሮች እግር አልቋል። ዘይቱን አስወጥቼ፣ አጋድሜ፣ በወፍራም ብረት ልቀይራቸው። እስከዚያ ፋብሪካው ይቁምልኝ።»

«ይህን ፋብሪካ ያቆምኩት እኔ ነኝ» አላት። «ከባዶ ሜዳ ላይ ነው ያቆምኩት። አንቺ ደግሞ በነጋ በጠባ አቁሙ ነው። እኔ ያቆምኩትን አንቺ ልታቆሚው?»

በራሱ ቀልድ ሳቀ። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ፤ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ቀልድ ምን ጊዜም ያስቃል።

መንትያው ታንከር ቀድሞ ተንበረከከ። ደግነቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ ነው። አንዱ እግሩ ታጠፈና ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሎ ቀረ። ዘይቱ ተቀዳ፤ ታንከሩን በሰንሰለት አውርደው እንጨት ላይ አጋደሙት። ባለቤቱ አሁን እሺ አለ፤ ግን ለዚህኛው ብቻ። ያኛው፣ ሴቶቹ ከሥሩ የሚቀመጡበት፣ እየሠራ ነው እኮ።

ያዘዘችው ብረት በመጣበት ቀን እሷ አልነበረችም። እናቷን ዓይናቸውን ልታሳክም ሆስፒታል ይዛቸው ገብታ ነበር። ዓይናቸው ከተሠራ በኋላ ሁለቱም በነጭ ጨርቅ ታስሮ፣ ኮሪደር ላይ አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ይዘዋል። ስልኳ ጮኸ። የፈረቃው አለቃ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሳል እንኳ ሲስል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው።

«እትዬ፣ ብረቱ መጥቷል። ብልጭታም በይዶ ጨርሷል።»

«ሳላየው? ምን ዓይነት ብረት ነው?»

«ቆይ እሱው ይንገርሽ» ብሎ ስልኩን ወደ በያጁ ዘረጋው።

«ቱቦላሬ ነው እትዬ» አለ ብልጭታ ከሩቅ እየጮኸ። «ውስጡ ባዶ። ቀለም ቀብተው ነው ያመጡት። ስመታው እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው።»

ከዚያ የፈረቃው አለቃ ድምፅ ተመለሰ። «ጋሼ እዚሁ ናቸው። ዛሬውኑ ዘይት ይሙላ ነው የሚሉት። ምን እናድርግ?»

«አቁሙት» አለች። «እኔ እስክመጣ አቁሙት።»

ነርሷ መጥታ የእናቷን ስም ጠራች። ስልኩን ዘጋችው። ምን ትጨምር? በዚህች ቃል ስም ያወጡላት ሰዎች ናቸው።

ቃሏ ግን ሁለት ፊት አላት። የሚሄደውን ባለበት ቀጥ ማድረግም ማቆም ነው፤ የተጋደመውን አንስቶ መትከልም ማቆም ነው። ታንከሩ ደግሞ ተጋድሞ ነበር።

አመሻሹ ላይ እናቷን ደግፋ ወደ ውጭ ስትወጣ በር ላይ አንድ ቃሬዛ በአጠገባቸው አለፈ። ቀድሞ የደረሳት ሽታው ነው፤ የሳሙና ዘይት። ቀጥሎ ጫማውን አየች። በብየዳ እሳት የተቃጠለ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ጫማ። አንድ እግሩ ላይ ነበር። ሌላው እግር ጫማ የሚገባበት ነገር አልነበረም።

ብልጭታ አወቃት። ፊቱ አመድ ሆኗል።

«አቆምነው እኮ እትዬ» አላት። «እንዳልሽው አቆምነው። ዘይቱ ሲሞላ ብየዳውን ለማየት ከሥሩ ስገባ ታጠፈ።»

ይዘውት ሄዱ።

«ምን አለ ሰውዬው?» አሉ እናቷ ጭንቅላታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው።

ነገረቻቸው።

«እኔ ልጄ፣ ሥራሽን አላውቀው፣ ዓይኔም ታስሮ፣ ተዉት ማለትሽ እንደሆነ ገብቶኛል። እነሱ ዓይናቸው ተከፍቶ እንዴት ሳይገባቸው ቀረ?»

ያንን ጥያቄ ይዛ ቤቷ ገባች። ባሏ ከአውቶቡሱ ወርዶ ገና ጫማውን እየፈታ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ቀልድ አላነሳም። የብልጭታ ሚስት ደግሞ ደወለች። አላለቀሰችም። «እትዬ፣ አቁሙት ብለሽ ነበር እንዴ?» አለቻት። «ብያለሁ» አለች። ሴትየዋ «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ያ «እሺ» ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር።

በማግሥቱ ባለቤቱ ሠራተኛውን ጓሮ ሰበሰበ። የወደቀው ታንከር እንደ ታረደ በሬ ጎኑን ሰጥቶ ተኝቷል። ዘይቱ ላይ አሸዋ ተበትኗል።

«የደረሰው አደጋ ነው» አለ። «የቃል አለመግባባት ነው። እሷ አቁሙት አለች፤ ልጆቹም አቆሙት። ማንንም አልወቅስም። ቋንቋችን ነው እንዲህ የሚያደርገን። በሉ ወደ ሥራ።»

ሰው ሁሉ አያት። ነገሩ አንገቷ ላይ ሊጠመጠም መሆኑ ገባት፤ በደግነት ቃል፣ ወቀሳ በሌለበት፣ እንደ ሻርፕ። የፈረቃው አለቃ ሳል ሳል አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። እርስዎ ስቀው ነበር።»

«ምን?»

«ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አጠገቤ ሆነው ነው የሰሙት። 'እኔ እስክመጣ አቁሙት' ስትል ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው 'ሰማችሁ፣ አቁሙት ብላለች፣ በሉ አቁሙት' አሏቸው። ብልጭታ መጀመሪያ ወደ ታንከሩ አልሄደም። እሷ ካለች ምን ቸገረኝ ብሎ ነው የሄደው።» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ቀልዱ ያልገባው ሰው አይስቅም ጋሼ።»

ሰው ሁሉ ወደ ባለቤቱ ዞረ። እሷ ግን የዞረችው ወደ እሱ አይደለም።

«አንተስ?» አለችው የፈረቃውን አለቃ። «አንተስ አልገባህም ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ስልኩም እጅህ ላይ ነበር።»

«እጄ ላይ ነበር እትዬ።»

ትታው ሄደች፤ ያኛው፣ የሚሠራው ታንከር ሥር። ሴቶቹ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወሬው አልደረሳቸው ይሆን፣ ደርሷቸው የሚሄዱበት አጥተው ይሆን።

«ተነሱ» አለቻቸው። «ፀሐይ ላይ ሂዱ።»

አንዷ «ሂሳብ ይቆረጥብናል እኮ» ልትል ስትጀምር የእግሩን ዝገት በካቻቪቴዋ ወጋችው። እስከ እጀታው ገባ። ሴትየዋ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ተነሳች።

ከዚያ ወደ ዋናው ማብሪያ ሄዳ ቁልቁል ሳበችው። ማሽኑ ሁሉ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ዝም አለ። መቆለፊያዋን አስገባች፤ ቀጭ አደረገችው፤ ቁልፉን የተለመደው ቦታ ከተተች።

ባለቤቱ እየሮጠ መጣ። «ምን እያደረግሽ ነው? ይህን ፋብሪካ ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

«እሱ ድሮ ነው ጋሼ» አለች። «ዛሬ ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ፀሐይ ላይ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ይህኛው ሳቅ ደመወዝ የሚከፈልበት አልነበረም።

ሰውዬው መቆለፊያውን ቁረጡ አለ። የብረት መጋዙ ጠፋ። ትናንት በየቦታው የነበረ መጋዝ ዛሬ ማንም የት እንዳየው አላስታውስ አለ። «ብልጭታ ነው የሚያውቀው» አለ አንዱ፤ «ሆስፒታል ሄደን እንጠይቀው?» ባለቤቱ እሷን እዚያው አባረራት። እሺ ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

«ቁልፉን!» አላት በሩ ላይ።

«እግሩ ይቀየር። ያኔ አመጣዋለሁ።»

እግሩ ተቀየረ። ጥላው ሥር የሚቀመጥ ሰው ታጣና፣ መቆለፊያውን ለመቁረጥ ከውጭ የመጣውም በያጅ ታንከሩን ቀና ብሎ አይቶ መሣሪያውን ይዞ ተመለሰና፣ ሌላ ምርጫ ጠፋ። ዘይቱ በባልዲ ተቀዳ፤ ወፍራም፣ ድፍን ብረት መጣ። ዛሬ በቀይ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። ባለቤቱ እንግዳ ሲያመጣ «ለሠራተኛ ደህንነት ቀልድ አላውቅም» እያለ ያሳያል አሉ። እሷ በቃሏ መሠረት ቁልፉን ፋብሪካው በር ድረስ ይዛ ሄደች። ዘበኛው በመስኮት ተቀበላትና በሩን ሳይከፍት «እግዜር ይስጥሽ እትዬ» አላት።

አሁን ቤቷ በር ላይ የውሃ ፓምፕና ማራገቢያ ትጠግናለች። ብልጭታ በምርኩዝ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጣል። «ካልሲ ስገዛ አንዱ ይተርፈኛል፣ ለባልሽ ትወስጅለታለሽ?» ይላታል። እሷ አትስቅም፤ ብሎኑን አጥብቃ ታዞራለች።

«ከእንግዲህ 'ተዉት' በይ እትዬ» አላት አንድ ቀን። «ያችን ቃል ቀይሪያት።»

«ቃሉ ምን አደረገ?» አለችው። በእጇ ያለውን ብሎን አናቱ እስኪላጥ ድረስ አጠበቀችው። «ቃሉ ነው ቱቦላሬውን የገዛው? ቃሉ ነው የሳቀው?»

ይህን ታሪክ ያነበባችሁ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነገ ሥራ ስትገቡ ከራሳችሁ በላይ የቆመውን ነገር እግሩን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። በላይኛው ወንበር የተቀመጠውን ሰው አልለምንም፤ እሱ ገብቶታል። የምለምነው ስልኩን የያዛችሁትን ነው። አንዱ «አቁሙት» ሲል ሰምታችሁ፣ ሌላው ሲስቅ አይታችሁ፣ የትኛው ማቆም እንደሆነ ከገባችሁ፣ እባካችሁ እስከ ማግሥቱ አትቆዩ። ያኔውኑ ተናገሩ።