ካርባይን ያልኩት ምንሽር

የታሰርኩት በፊልም ነው። እንዲህ ስል ሰው የተከለከለ ፊልም ያየሁ ይመስለዋል። ያየሁት ግን አዲስ አበባ ካድሬውም ተማሪውም ተጋፍቶ የሚገባበትን ተራ የጦርነት ፊልም ነው። ጥፋቴ ማየቴ ሳይሆን መጻፌ ነበር።

ያን ጊዜ አምቦ ውስጥ የጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ደመወዝ በወጣ ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ ፊልም አያለሁ፣ በማግስቱ እመለሳለሁ። ጊንጪ የሚያስተምር አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ እሱም እንደኔው የፊልም በሽተኛ ነው። ክርክራችን ታዲያ ስለ ተዋናዮቹ አልነበረም፤ ስለያዙት መሣሪያ ነበር። እኔ "ካርባይን ነው" ስል እሱ "ኤም ዋን ነው" ይላል፤ በዚህ ሳንነጋገር ወር የምንከርምበት ጊዜ አለ። ሁለታችንም ጠመንጃ በእጃችን ነክተን አናውቅም። በኋላ ክርክሩ ይለይልን ብዬ ሲኒማ ቤት ደብተር ይዤ መግባት ጀመርኩ። ጨለማ ውስጥ ሆኜ የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ "መትረየስ አንድ፣ ጣሪያው ላይ። ሽጉጥ አንድ፣ በሴትየዋ ቦርሳ ውስጥ። ካርባይን ሦስት፣ ድልድዩ ሥር።"

አዲስ ዓለም ኬላ ላይ አውቶቡሱ ሲፈተሽ ደብተሩ ተገኘ። ወቅቱ የአሰሳው ሰሞን ነው፤ መሣሪያ ቤት ለቤት፣ ክምር ለክምር ይፈለጋል። ፈታሹ ወታደር ገጹን አነበበ፣ እኔን አየ፣ እንደገና አነበበ። ከዚያ "ውረድ" አለኝ።

በዚያው ቀን አምቦ አምጥተው አስረከቡኝ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ እርሳሱን ደጋግሞ የሚቀርጽ ሰው ነበር።

"የትኛው ጣሪያ?" አለኝ።

"የፊልሙ።"

"ሴትየዋ ማን ናት?"

"የሰላዩ ሚስት።"

"የየትኛው ሰላይ?"

ነገሩን ባስረዳሁ ቁጥር እየባሰብኝ እንደሚሄድ የገባኝ ያኔ ነው።

"ድልድዩስ? የጉደር ነው?"

"ጓድ መርማሪ፣ ፈረንጅ አገር ነው" አልኩት። ጥፊው ከየት በኩል እንደመጣ አላየሁም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ኑግ ኑግ ይሸታል፤ ቆርቆሮው በምስማር ቀዳዳ ስለተበሳሳ ፀሐይ በቀጫጭን ጨረር ትገባለች። አሥራ ዘጠኝ ሰው እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። የክፍሉ ኃላፊ ከድሮው ጦር የተሰናበተ አሥር አለቃ ነበር።

"በምን ገባህ?" አለኝ።

"በፊልም።"

ሳቁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄደ። ከጥፊው በኋላ እንባዬ ቀርቦ ስለነበር መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ሳላውቀው አብሬ ሳቅሁ። አሥር አለቃው አጠገቡ ቦታ አስለቀቀልኝና "እንግዲያማ ፊልሙን ሳትነግረን አትውልም" አለኝ።

በማግስቱ ከፀሐይ መሞቂያው ስንመለስ ጀመርኩ። ፊልም መናገር ስጦታዬ ነው፤ አልደብቅም። መትረየሱን በአፌ አንጣጣሁት፣ ጂፑን በጉሮሮዬ አስነሣሁት፣ የሰላዩን ሚስት ስሆን ነጠላ ተዋስኩ። ከፊት የተቀመጡት ከጉደር ወዲያ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም "ኦቦ" ብቻ እንላቸው ነበር። አውድማቸው ዳር ከጭድ ክምር ውስጥ አንድ ጠመንጃ ተገኝቶ ነው የታሰሩት። ክምሩ የሦስት ቤተሰብ ስለሆነ የማን እንደሆነ አልተለየም፤ እሳቸውም "አላውቀውም" ብለው ጸንተዋል። ይህ ቀልድ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ጠመንጃ የተረጋገጠበት ሰው በጭነት መኪና ይወሰዳል፤ ከተወሰዱት ውስጥ ሲመለስ ያየነው ሰው አልነበረም።

ጀግናዬ ከድንጋይ ኋላ ሆኖ ሲተኩስ ኦቦ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ ቆይ፣ ጉርባ! ስንት ጊዜ ተኮሰ?" በኦሮምኛ ጉርባ ማለት ልጅ ማለት ነው፤ ሃያ አራት ዓመቴ ቢሆንም አልተቀየምኩም።

"ሰባት መሰለኝ።"

"ምን ይዞ?"

"ምንሽር።"

"ዋሸህ! ምንሽር አምስት ጎራሽ ናት። ሁለቱን ከየት አመጣ?"

"ፊልም እኮ ነው፣ ኦቦ።"

"ቢሆንስ? የኔዋ ሰደፏ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ጠፍሬ ስንት ዘመን ይዣት፣ አንድ ቀን ስድስት ጎርሳልኝ አታውቅም!"

ኦቦ ራሳቸው የተናገሩትን ሰምተው በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። አሥራ ዘጠኛችንም በአንድ ጊዜ ደነቆርን። አንዱ ተባይ መፈለግ ጀመረ፣ አንዱ አዛጋ። አሥር አለቃው ጉሮሮውን ጠረገና "እና ሴትየዋ ቦርሳዋን ከፈተች ወይስ አልከፈተችም?" አለኝ።

ከፈተች። ሽጉጡ በአፌ ሲጮህ በሩ ተበረገደና ዘበኛው መሣሪያውን ደግኖ ገባ። "ማነው የሚተኩሰው?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። ነገሩን ሲረዳ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ በሩን ተደገፈና "ከዚያስ?" አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ተመልካች አላገኘሁም። ደስ አለኝ፤ እስር ቤት መሆኔን ረስቼ በጣም ደስ አለኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ አሥር አለቃው ለብቻዬ ያዘኝ። ካርባይን ያልኩት ጠመንጃ እንጨቱ እስከየት እንደሚደርስ፣ ካዝናው ወደ ታች ይውጣ አይውጣ፣ ድምፁ ምን እንደሚመስል አንድ በአንድ ጠየቀኝና ራሱን ነቀነቀ።

"ካርባይን ያልከው ኤም ዋን ነው። ኤም ዋን ያልከው ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ምንሽር ያልከው ደግሞ ሰባት ከተኮሰ ምንሽር አይደለም። አንተ ስለ መሣሪያ የምታውቀው ነገር የለም።"

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ከጥፊው በላይ አመመኝ። የጊንጪው ጓደኛዬ ይህን ቢሰማ በደስታ ያብድ ነበር።

"አትኩረፍ" አለኝ። "ሲጠይቁህ የመሰለህን መልስ። አለማወቅህ ይበቃሃል።"

ፊልም መሆኑን ዘበኛው ለመርማሪው ነግሮት ኖሮ ከሦስት ቀን በኋላ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬ፣ ከጠረጴዛው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ላይ አራት ጠመንጃዎች ተደርድረዋል። ዘበኛው ከጎናቸው ቆሟል።

"ፊልም ነው ትላለህ፤ ይሁን" አለ መርማሪው። "በጨለማ አይቶ በዓይነት የሚለይ ሰው ሥልጠና ወስዷል ማለት ነው። እነዚህን ጥራልኝ።"

እንዲህ ባለ ሰዓት ብልህ ሰው "አላውቅም" ይላል። እኔ ግን ያ የጊንጪ ክርክር አልለቀቀኝም፤ ቀርቤ አየሁ። የመጀመሪያውን "ኤም ዋን" አልኩ፤ ዘበኛውን አሳለው። ሁለተኛውን "መትረየስ፣ ትንሹ" አልኩ። ሦስተኛው ውጅግራ ነው ብዬ በሙሉ ልብ ተናገርኩ። ዘበኛው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አራተኛው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሰደፉ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ላይ የመዳብ ሽቦ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተጠምጥሟል፣ በሰው ትከሻ መነካካት ብዛት ሽቦው አብረቅርቋል። በዕድሜዬ ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነስሙ፣ ከነጥይቱ ቁጥር፣ ከነባለቤቱ በእርግጠኝነት የማውቀው ጠመንጃ ፊቴ ተጋደመ።

መርማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይሄ ከጉደር በላይ ከጭድ ውስጥ የወጣ ነው። ከእናንተ ጋር ያሉት ሽማግሌ ስለሱ ሳያወሩ አልቀሩም። ያልከው ፊልምም ይሁንልህ፤ የሰማኸውን ንገረኝና ዛሬ ቤትህ እደር።"

ቤቴ ከዚያ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። እናቴ በየቀኑ የምታመጣውን ሳህን በሩ ላይ ሰጥታ ሳታየኝ ትመለሳለች። ፈራሁ። ደግሞ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር፦ ከፍርሃቱ ጋር "ምንሽር! አምስት ጎራሽ!" ብዬ የመጮህ ፍላጎት ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ሦስቱን እንደሳትኩ ከዘበኛው ትከሻ አውቄያለሁ፤ አንዱን እንኳ ብመታ።

"ይሄ ካርባይን ነው" አልኩ። "ሽማግሌው ፊልሙን ስናገር እንኳ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ስለ ጠመንጃ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።"

ዘበኛው ከዚህ በላይ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው። መርማሪው ተቆጥቶ አየው፣ ከዚያ ጠመንጃውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ምንሽርን እዚያ አገር እረኛ ያውቀዋል። ከንፈሩን ቢነክስም አልሆነለትም፤ እሱም ሳቀ።

"አንተን ያሠለጠነ ድርጅት ካለ" አለኝ ዓይኑን እየጠረገ፣ "መታሰር ያለበት እሱ ነው።" ደብተሬን ወደ መሳቢያው ከተተና በእጁ ወደ በሩ ጠቆመኝ።

ክፍሉ ስመለስ ሁሉም ከበበኝ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ውጅግራው ጋ ስደርስ አሥር አለቃው በሳቅ በጀርባው ተንጋለለ።

"አራተኛውስ?"

"ሰደፉ በመዳብ ሽቦ የታሰረ ነበር" አልኩ። "ካርባይን ነው አልኩት።"

"ካርባይን?" አሥር አለቃው እየሳቀ ቀና አለ፤ መሃል ላይ ሲደርስ ሳቁን ተወው። ኦቦ አልሳቁም ነበር። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና "ኖር" አሉኝ። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል።

"በእግዜር! ኧረ ይቀመጡ፣ ኦቦ" አልኩ። እኔ ሳልቀመጥ አልተቀመጡም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈታሁ። እሳቸውም ጠመንጃው ባለቤት ስላጣ ከመከር በፊት ተለቀቁ፤ አንድ ቅዳሜ አምቦ ገበያ ላይ በግ ሲጎትቱ አይቻቸው በጉን ትተው አቀፉኝ። ጓደኛዬን በተመለከተ፣ ፈተናውን ከነውጤቱ አጫውቼው እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

አሁን እኔም ሸምግያለሁ። ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ቤት ስገባ ወጣቶቹ ብድግ ብለው ኖር ይሉኛል፤ በእግዜር ብዬ አስቀምጣቸዋለሁ። ደስ ይላል፤ ግን የሚነሡት ለዕድሜዬ መሆኑን አውቃለሁ። እኒያ ሽማግሌ የተነሡልኝ ጊዜ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።