የሺ የምትጠጣው ውሃ

ባለፈው ወር ለሥራ በሄድኩበት አገር፣ ከገደል ተወርውሮ በቀጥታ ባሕር የሚገባ ፏፏቴ አሳዩኝ። ከአፋፉ በላይ ባለው ጅረት አቧራ የጠጣ እግሬን ልታጠብ ጫማዬን አወለቅሁ። እግሬ ውሃውን ሊነካ ሲል ግን የአክስቴ የእትዬ አንጓች ድምፅ ድንገት መጣብኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአክስቴ ጋር ከደባርቅ ወጥተን፣ ቡይት ራስን አልፈን፣ ጅንባር ፏፏቴ አፋፍ ላይ ደረስን። የረገጥነው ጦስኝ ይሸታል። ውሃው ወድቆ ወድቆ መሬት ሳይደርስ ነፋስ ይበትነዋል፤ ከፊሉም ሽቅብ ተመልሶ ፊታችንን ያርሰዋል። የሚያርፍበትን ድምፅ ብጠብቅ ብጠብቅ አልሰማ አለኝ። አፌን እንደከፈትሁ ጭቃ እግሬን ወደ ጅረቱ ሰደድሁ።

«ተይ!» አሉ አክስቴ ክንዴን ይዘው። «አታደፍርሽው፤ የሺ ትጠጣዋለች።»

የሺ ልጃቸው ናት። ከገደሉ ሥር ቆላ ከተዳረች ወዲህ አላዩዋትም፤ ጉልበታቸው ቁልቁለቱን አይችልም።

«እሷ ዘንድ ይደርሳል እንዴ?» አልኋቸው።

«የማልደርስስ እኔ ነኝ። ውሃን ማን ይከለክለዋል?»

በእፍኛቸው ጨልፈው ግማሹን ጠጡ፤ ግማሹን ቀስ አድርገው ወደ ጅረቱ መለሱት። ከዚያ ነፋስ የሚበትነውን ውሃ ቁልቁል እያዩ ፈገግ አሉ።

«ሲያምር እይው እስቲ! ለልጄ እንዲህ አጊጦ ነው የሚሄድላት።»

ከባሕሩ በላይ፣ አፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ከታች ያለው ጨው ውሃ ብቻ ነው፤ የሚጠጣው ሰው የለም። እግሬን ግን ከነአቧራው ጫማዬ ውስጥ መለስሁት።