ውሃ የገባበት የበረዶ ጓዳ

ሎሬና በመሰላሉ ወደ በረዶ ጓዳዋ ወረደች። ታች ስትደርስ ቦት ጫማዋ ውሃ ውስጥ ተንቦጫረቀ።

«ኧረ ጌታዬ!» አለች ለብቻዋ።

ጓዳውን እንዲህ እንደዋዛ እንዳታዩት! የባሏ የዊልበር አያት በበረዶ የተጋገረውንና ክረምት ከበጋ የማይሟሟውን የሰሜን አላስካ መሬት በመሮ ፈልፍለው ያወረዱት ነው፤ የዓሣ ነባሪ ሥጋ ይቀመጥበታል። እንደ ሎሬና ያለች የአዳኝ ጀልባ አለቃ ሚስት ከአደኑ በፊት ጓዳዋን ታራግፋለች፣ የተረፈውን ሥጋ ለመንደሩ ታድላለች፣ ወለሉን ፍቃ አዲስ በረዶ ታለብሰዋለች። ዓሣ ነባሪው ራሱን የሚሰጠው ጓዳዋ ንጹሕ ለሆነ ሴት ነውና። ሎሬና በዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አላፈረችም።

ታዲያ ምን አደረገች? የቻለችውን ያህል ውሃ ቀዳችና በቀረው ላይ በረዶ በተነችበት። ነጭ ሆነ፣ ሙሽራ መሰለ! በሦስተኛው ቀን ጭቃ ነበር።

የዊልበር ታናሽ ወንድም ሌቪ ከሚሠራበት ነዳጅ ማውጫ ለእረፍት መጥቶ ጎራ ሲል ሽታው ተቀበለው።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው? ካልሲህ ነው እንዳትይኝ።»

«ካልሲህ ነው።»

«ጓዳው ነው እንጂ! ፍሪዘር ግዙ ብያችሁ ነበር።»

«ዝም በል አንተ! የምታወጡት ነዳጅ እየተቃጠለ አይደል ዓለሙን ያሞቀው?»

«የበረዶ ሞተርሽ ታዲያ በምንድን ነው የሚሄደው፣ በጸሎት?»

ቤቷን የሚያሞቀውም የዚያው መሬት ጋዝ ነው።

ዊልበር ሰኞ ለአደን ሊወጣ ነው። ዝም ብትል የሚያመጣው ሥጋ ሁሉ ጓዳው ውስጥ ይበሰብሳል። ብትናገር ደግሞ የዊልበር ጀልባ ከአያቱ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ይቀራል፤ በእሷ ጓዳ ምክንያት።

እሑድ ከሰዓት፣ መንደሩ ሁሉ ከፍቶ የሚያዳምጠውን የመገናኛ ሬዲዮ አነሳች።

«ሎሬና ነኝ። ጓዳችን ውሃ ገብቶበታል። ደረቅ ጓዳ ያለው አለ?»

የሌላ ጀልባ አለቃ ሚስት፣ ያቺ ምላሰኛዋ ቤርኒስ ብቅ አለች።

«የእኔም ገብቶበታል። ከአምና ጀምሮ። በረዶ እየደረብኩበት ነው። እንግዲህ ሳቂብኝ!»

ሎሬና አልሳቀችም። ሦስተኛዋ ተናገረች፣ አራተኛዋም። አምስተኛዋ ሬዲዮውን ከፍታ አለቀሰች ብቻ። መንደሩ ያለው አምስት ጀልባ ነው።

«እንግዲያው አንድ ጀልባ ይውጣ፣ ሥጋውም በዕለቱ ይታደል» አለች ቤርኒስ በመጨረሻ።

ዊልበር የጦሩን ሞረድ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል።

«የማን ጀልባ?» አለ።

ሎሬና ዓይኑን ማየት አልቻለችም። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች።

«የእናንተ ይውጣ፣ ቤርኒስ። ባልሽ ከሁሉም ታላቅ ነው።»

ዊልበር ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካፖርቱን ለበሰና በቤርኒስ ባል ጀልባ ላይ ዕቃ መጫን ሊያግዝ ወጣ። ሎሬና ባልዲዋን አንሥታ ወደ ጓዳው ተመለሰች፤ ውሃው ከትናንቱ በአንድ ጣት ጨምሯል።