ዝቃጭ በቡና አልጋ ላይ

ዲላ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል አከራያለሁ። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ካየሁ ቁጣዬ አይጣል ነው። «እትዬ፣ አንድ ጠብታ እኮ ናት!» ይሉኛል። አንድ ጠብታ! እነሱ ምን ያውቃሉ።

ከማግባቴ በፊት ከጌዴብ ወዲያ፣ ወርቅ በሚያጥብ አንድ ማኅበር ውስጥ እሠራ ነበር። አፈሩን በሳንቃ ላይ በውሃ እናጥበዋለን፤ ወርቁ ይቀራል፤ የተረፈውን ቀጭን ጭቃ፣ ዝቃጩን፣ ከነውሃው ወደ ወንዝ እንለቀዋለን። በጋ ሲገባ ወንዙ ከሳ። ከታች የሚቀዱት ሴቶች ጭቃ መሸከም አንገሸገሻቸውና መጡ። አንዲት ጠና ያሉ እናት ጀሪካናቸውን እግሬ ሥር አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እናንተ ወርቅ ትጠጡ ይሆናል። እኛ የምንጠጣው ውሃ ነው። እስከ ገበያ ቀን ካልጠራ ከዚህ ትነሣላችሁ» አሉኝ። እንጀራዬ ነበርና ደነገጥኩ። ከድንጋጤው ይልቅ ግን ሐፍረቱ ባሰብኝ።

እኔ የቡና አገር፣ የኢዲዶ ልጅ ነኝ፤ እርጥብ ነገር ሳይ የሚታየኝ የቡና ማድረቂያ አልጋ ነው። «ዝቃጩን አልጋ ላይ እናውጣው፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ መልሰን እንጠቀምበታለን» አልኩ። ቆጥ ሠራን፣ ሽቦ ወጠርን፣ ማዳበሪያ ከረጢት አነጠፍን፤ ከሥሩ ላስቲክ የለበሰ ቦይ አበጀን። ዝቃጩን እንደ ቡና ስስ አድርጌ ዘረጋሁት፣ ቀኑን ሙሉ ስዞር በእጄ ሳገላብጠው ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ዝቃጩ ክው ብሎ ደረቀ። ቦዩም አብሮት ደረቀ።

ሊቀመንበራችን አንድ እፍኝ አንሥቶ አሸተተ። «አንደኛ ደረጃ ነው! በይ ቁዪውና አቅምሺን!» ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔ ሲሳቅብኝ አልወድም። ተኮሳትሬ ቁጭ አልኩ።

እዚያው እንደተኮሳተርኩ ገባኝ። ቡና ላይ ውሃው ጠላታችን ነው፤ ፀሐይ ትውሰደው እንላለን። እኔም የምፈልገውን ውሃ በገዛ እጄ ለፀሐይ አስረክቤያለሁ። እናቴ ግን እንሰት ፍቃ ስትጨምቅ ውሃውን ጥላ ውስጥ ታሳድረዋለች፤ ቡላው ከታች ይረጋል፣ ከላይ ያለው ይጠራል። እኛስ ምን ከለከለን?

ዝቃጩን ላስቲክ በለበሰ ጉድጓድ አሳደርነው። ጠዋት ከላይ የጠራውን ቀድተን ወደ ሳንቃው መለስን። የረጋውን ጭቃ አልጋው ላይ ከመርነው፣ በእንሰት ቅጠል ሸፈንነው፣ ድንጋይ ጫንንበት። ትንሽ ቆይቶ ቦዩ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ሲያዳምጥ በተራዬ ሳቅኩበት። ከዚያ ወዲህ ወደ ወንዙ ምንም አልለቀቅንም፤ ከወንዙም የምንቀዳው ለጎደለው መሙያ ብቻ ሆነ።

የገበያው ቀን እኚያ እናት መጡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ቀጥ ብለው ወደ ወንዙ ወረዱ። በመዳፋቸው ጨልፈው አዩት፣ ጠጡት፣ ጀሪካናቸውን ሞሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ፍርዴን እጠብቃለሁ።

ገመዱን በትከሻቸው አሳልፈው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«ምን ያስገትርሻል? አሸክሚኝ እንጂ» አሉ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። አሸከምኳቸው።