በአባቴ መዳፍ ላይ የተጻፈው የቻይና ፊደል

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ መብራት ልገዛ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ነበር። ካርቶኑን እያገላበጥኩ ስቆይበት ሻጩ ወጣት፣ "እናቴ፣ እሱን ማንም አያነበውም፤ ዝም ብለው ይሰኩት" አለኝ። እኔ ግን ከተደረደሩት የቻይና ፊደላት መካከል አንዱን አውቄው ነበር። ጣቴን አሳረፍኩበትና፣ "ይህ ብሩህ ማለት ነው። የግራው ፀሐይ፣ የቀኙ ጨረቃ" አልኩት።

ልጁ ካርቶኑን ወደ ራሱ አዙሮ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ቻይና ኖረዋል እንዴ?"

"ኧረ እኔ ሞጣ ነው የተማርኩት።"

የቀለድኩበት መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ሥልጣን በያዘባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ቢቸና አስተምር ነበር። ጠመኔን በየቀለሙ ለይቼ የማስቀምጥ፣ ተማሪ ያልጠየቀኝን ሳይቀር የማስረዳ መምህርት ነበርኩ። ጥር ላይ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ ከሞጣ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር የእናቴን መልእክት አደረሰኝ። "የአባትሽ ዓይን ጨርሶ መጥፋቱ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው የዓይን ሞራ የሚገፍፍ የቻይና ሐኪም መጥቷል፤ አባትሽ ግን አሻፈረኝ ብለዋል። የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ነይና አስረጂልኝ" ይላል።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ስሄድ ሊቀመንበሩ ቻይና የሚለውን ሲሰማ ግንባሩን አሸ።

"ጓድ መምህርት፣ ቻይኖች ወዳጅ ይሁኑ አይሁኑ ገና መመሪያ አልወረደልንም።"

"የሚያክመው እኮ የአባቴን ዓይን ነው፤ ሌላ ምን ሊያደርግ ነው?"

"እሱስ እውነትሽን ነው። ስለ ዓይን የወረደ መመሪያ የለም" ብሎ ማኅተሙን መታልኝ።

በዚያው መኪና፣ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ተጓዝኩ። ወቅቱ የውቂያ ነበር። ከየአውድማው የሚነሣው ገለባ በነፋስ እየተበተነ ፀጉራችን ላይ ያርፋል። ደብረ ወርቅ ላይ ሾፌሩ የሽምብራ እሸት በእስር በእስሩ ገዛና ለሁላችንም አደለን፤ ሞጣ እስክንደርስ ስንፈለፍል፣ ስንበላ፣ ጣቶቻችን ጨዋማ ሆኑ። እኔ በሆዴ የማስረዳውን ትምህርት አዘጋጅ ነበር። መግቢያ፣ ምሳሌ፣ ማጠቃለያ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ ዕድሜውን በሙሉ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። ስደርስ በራፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ፀሐይ አቅንቶ አገኘሁት። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አያይም። ጉልበቱን ስስም ፊቴን በእጁ ዳሰሰና፣ "ከስተሻል፤ ቢቸና ሽሮ የለም?" አለኝ።

እህል ከቀመስን በኋላ ትምህርቴን ጀመርኩ። "አባዬ፣ ሞራ ማለት እንዲህ ያስቡት። ፋኖስ አለ። ብርጭቆው ጥላሸት ይይዘዋል። ነበልባሉ ግን ውስጥ ደኅና ነው። ብርጭቆውን ስንጠርገው..."

"የፋኖስ ብርጭቆ አውልቀሽ ነው የምትጠርጊው" አለ አቋርጦኝ። "የኔን አውልቀሽ የት ልታስቀምጪው ነው?"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ ምሳሌ ለወጥኩ፤ እሱ ሁሉንም አፈረሰው። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስሚ ልጄ። ሞራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የማላውቀው የሰውየውን እጅ ነው። ዓይኔን ለማላውቀው እጅ አልሰጥም" አለ። ሐኪሙ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ከሞጣ ሊሄድ ነበር።

በማግስቱ ሕክምናውን በደንብ አጥንቼ ልመለስ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ቀጠን ያለ፣ ሰማያዊ ኮት የለበሰ፣ ከፔርሙዝ ትኩስ ውኃ ብቻ የሚጠጣ ሰው ነበር። የኔም የሱም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ ተግባባን። ስለ ሞራው ሲያስረዳኝ ቃል አጠረውና የመድኃኒት ካርቶን ቀድዶ በጀርባው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ሁለት ጠባብ ሳጥኖች ጎን ለጎን የቆሙ ይመስላል፤ የቀኙ ከታች ክፍት ሆኖ እግር አለው። በእርሳሱ ጫፍ ግራውን ነክቶ ወደ ሰማይ አመለከተ፤ ፀሐይ። ቀኙን ነካና እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ እንደ መተኛት አለ፤ ጨረቃ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብሩህ። በዚያ አላበቃም። ይኸው ፊደል ነገ በሚለው ቃል ውስጥ ይገባል፤ ተረዳሁ በሚለው ውስጥም ይገባል፤ የሚያይ ዓይንን ለመናገርም እሱኑ ይጽፉታል።

ደነገጥኩ ማለት እችላለሁ። ልጆችን ሀሁ ሳስተምር ኖሬ ፊደል ማለት ድምፅ ማለት ነው ብዬ ነበር የማምነው። ይህ ግን ፀሐይን ከነጨረቃዋ በአንድ ካርቶን ቁራጭ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያያችኋል።

እርሳሱን ተቀብዬ ፊደሉን ልገለብጠው ሞከርኩ። ሐኪሙ ገና ስጀምር እጄን ያዘኝ። ለካ እኔ ሳጥኑን በአራት ማዕዘን ዘግቼ ውስጡ መስመር ልጨምር ነበር። እሱ ራሱን ነቀነቀና አሳየኝ። መጀመሪያ የግራው ግድግዳ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ጣሪያውና የቀኙ ግድግዳ እጅ ሳይነሣ በአንድ ይሠራሉ። ከዚያ የውስጡ መስመር ይገባል። የታችኛው መዝጊያ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። "እንግዳው ይገባል፤ ከዚያ በር ይዘጋል" አለኝ። ቅርጹ አንድ ዓይነት ሆኖ ቢወጣም በሌላ ቅደም ተከተል ከተሠራ ለእነሱ ሥዕል ነው እንጂ ጽሕፈት አይባልም።

ወረፋ በሚጠብቀው ሰው መካከል ተቀምጬ በእንጨት አፈሩ ላይ እለማመድ ጀመር። አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ አየችና፣ "የኔ እመቤት፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሆነውንም አብረሽ ጻፊልኝ" አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ስለ ፀሐዩና ስለ ጨረቃው አስረዳኋት፤ ማስረዳት የት ይቀረኛል።

ማታ ለአባቴ ልነግረው ቸኮልኩ። የማያይ ሰው መሆኑ ትዝ ሲለኝ እጁን ዘርግቼ በጣቴ መዳፉ ላይ ጻፍኩለት። ፊቱን አጨማደደ።

"ይህ ምንድን ነው? ዶሮ ነው የጫረው?"

"የቻይና ፊደል ነው፤ ብርሃን ማለት ነው።"

"እጅሽ መሐል ላይ ይቆማል። እየጻፍሽ ታስቢያለሽ።" መዳፉን በሌላው እጁ አሸት አሸት አደረገ። "እሱ እንዴት ነው የሚጽፈው?"

"እንደ ውኃ ነው የሚያወርደው።"

"እንግዲያው ይጻፍልኝ" አለ አባቴ። "ነገ ውሰጂኝ። ለመታከም አይደለም፤ እጁን ላየው ነው።"

ጠዋት ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። ጉዳዩን ለሐኪሙ ስነግረው መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ሲገባው ግን አልሳቀም። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከአባቴ ጎን ተቀመጠ፣ የአባቴን መዳፍ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአመልካች ጣቱ ጻፈ። አባቴ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

"ድገመው በይው" አለኝ።

ሐኪሙ ደገመው። በአባቴ ፊት ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ አየሁ፤ ስሙን እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

"ሁለተኛው ከፊተኛው ላይ ነው ያረፈው" አለ ቀስ ብሎ። "ፀጉር ታህል አልሳተም። ደግሞ የት መቆም እንዳለበት ያውቃል፤ መስመሩን ሲጨርስ አይወጋም፣ ያሳርፈዋል። አየሽ ልጄ፣ እኔ ብራና ላይ ስሳሳት በምላጭ ፍቄ አርመዋለሁ። ዓይን አይፋቅም። እኔን ያስፈራኝ ፍቆ የሚያርም እጅ ነበር። ይህ ሰው አይፍቅም።"

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። የሐኪሙን እጅ ፈልጎ ያዘና መዳፉን ገልብጦ በራሱ ጣት ብርሃን ብሎ ጻፈበት፤ አራቱን ፊደላት አንድ በአንድ፣ በዚያ በቁም ጽሕፈት አጣጣሉ፣ ወፍራሙን ወፍራም ቀጭኑን ቀጭን አድርጎ። ሐኪሙ ለመስማት እንደሚሞክር ሰው ዓይኖቹን ጨፍኖ ቆየ። ሲያልቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። አስተርጓሚ አልፈለጉኝም። በሕይወቴ ማስረዳት ያላማረኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ የቀኝ ዓይኑን ሠራለት። ከዚያ በኋላ አባቴ ዓይኑ ታስሮ፣ ራሱን ሳያንቀሳቅስ በጀርባው መተኛት ነበረበት። እናቴ አጥሚት በማንኪያ እየሰጠችው፣ "አርባ ዓመት አጎንብሰው ኖረው ዛሬ ገና ጣሪያ ያዩ ጀመር" እያለች ታሾፍበታለች። እሱ ደግሞ "የታሰረ ዓይን ምን ጣሪያ ያያል?" ይላታል። እየሳቁ ነበር፤ ግን ሁለቱም ፋሻው የሚፈታበትን ቀን አያነሡም። እኔም አላነሣሁም። ባይሳካ ዓይኑን ለዚያ እጅ የሰጠው በኔ ምክንያት መሆኑን አውቅ ነበር።

ቀኑ ደርሶ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ፤ ከሣጥኑም ወፍራም መነጽር አውጥቶ አደረገለት። አባቴ መጀመሪያ ያየው የማንንም ፊት አልነበረም። የሐኪሙን እጅ ወደ መነጽሩ አስጠግቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ተመለከተ፤ ልክ ከሌላ ደብር የመጣ መጽሐፍ ሲመረምር እንደሚያደርገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ እያለቀስኩ ነበር።

"ፀጉርሽን ምን አድርገሽው ነው?" አለኝ።

አፍሮ ነበር ያደረግሁት። እናቴ እልል አለች።

አባቴ ከዚያ በኋላ በዚያው አንድ ዓይን እየጻፈ ኖረ። ሐኪሙ ያኔውኑ ከሞጣ ሄደ፤ ወሬውንም ሰምተን አናውቅም። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ግን ለጆሮዬ እንግዳ ስለሆነ ከአንድ ወር በላይ አልያዝኩትም። አባቴ በጸሎቱ ሲያነሣው "ስሙን አንተ የምታውቀው" እያለ ነበር፤ ከሕያዋን ጋር። አባቴ ካረፈ በኋላ ጸሎቱን እኔ ተረከብኩ። ያ ሰው ዛሬ ቢኖር በጣም ያረጀ ነው፤ ላይኖርም ይችላል። ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን፣ ሥርዓት የምወደው ሴትዮ ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ በሁለቱም ቦታ አነሣዋለሁ።